ካርድ የሚጠብቁት ዘበኛ

ሰሞኑን የገጠመኝን ስሙልኝማ! የእህቴ ልጅ መሠረት ለኮሌጅ ምዝገባ የአሥረኛ ክፍል ካርዷ ስላስፈለጋት፣ ከሐዋሳ ወጥተን ከቡሹሎ ወዲያ ወደተማረችበት ትምህርት ቤት ሄድን። ለካ ተማሪ አንሶ ተዘግቷል! በሩ ላይ ግን ሽማግሌው ዘበኛ ቁጭ ብለዋል። "አባባ፣ ባዶ ቤት ምን ይጠብቃሉ?" አልኳቸው ገርሞኝ።

"ካርዳቸውን ያልወሰዱ ልጆችን" አሉና መሠረትን ሲያዩ አፈጠጡ። "አንቺ! በአጥር ዘለሽ ስትወጪ ተይዘሽ ወላጅ አምጪ አልተባልሽም? ያለ ወላጅ ካርድ የለም!" ሦስተኛ ክፍል ያልረገጥኩት እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ "ወላጇ ነኝ! ሁለተኛ አይለምዳትም!" አልኩ። እሳቸው እንደ ዳይሬክተር ሆነው እኔን አስቀምጠው ሲቆጡኝ፣ የትምህርት ቤት ወግ ስለደረሰኝ ደስታ ሊገድለኝ! ፈርሜ ካርዱን ስቀበል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጓደኞችሽን ካየሽ ይምጡ በያቸው" አሏት፤ "ወላጅ ባያመጡም እኔ እፈርምላቸዋለሁ።"