ካልተፈቀደልን አንቀመጥም

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የሚሄደው ባስ ሞልቶ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንድ አባት፣ አጠገባቸው ከተቀመጠች የማያውቋት ሐበሻ ልጅ ጋር ይጫወታሉ።

«ልጄ ወንድ ሊያገባ ነው።»

«እሺ... እርስዎስ ምን አሉ ጋሼ?»

«ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። እሁድ የዚያኛው ልጅ አባት ሽማግሌ ሆኖ መጣ።»

«ሐበሻ ናቸው?»

«ኧረ ፈረንጅ ነው! ወጋችንን ሰርች አድርጎ፣ ሁለት ጎረቤቶቹን አስከትሎ። ‹ልጅህን ለልጄ፤ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም› ብሎኝ ቆመ።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ሌላ ቀን ቀጠሯቸው?»

«ልቀጥር ነበር። ጉልበቱን ያመዋል መሰለኝ፣ ግድግዳ ተደገፈ። ያልገባኝ ነገር አሁንም ብዙ ነው። ግን ስለ እኔ ልጅ ብሎ እንደዚያ ሲቆም...»

«እና?»

«ተቀመጥ አልኩት።»

ከጎናቸው ባለው ረድፍ ወንበር ተለቀቀ፤ እኔ ግን ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን አባት እያሰብኩ እስክወርድ ድረስ ቆሜ ሄድኩ።