ለውሻችን የተለቀሰው ለቅሶ

የባለቤቴ መርዶ የደረሰኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። መገናኛ አጠገብ በነበረው ቤታችን በራፍ ላይ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆመና፣ «ባልሽ እርምጃ ተወስዶበታል። ማልቀስም ሆነ ጥቁር መልበስ ክልክል ነው» አለኝ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ጫንኩ። ውሻችን ቡቺ ከሾላ ገበያ ድረስ እየሮጠ ተከትሎኝ ስለመጣ አጥሩ ሥር ተጋድሞ፣ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ሰውየው አየውና አፈገፈገ። «ይኼ ውሻ አብዷል!»

«ኧረ አላበደም ወንድሜ! ውሻ እንደኛ ገላውን አያልበውም። ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ ነው ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው» አልኩት። ይህን የነገረኝ የሳይንስ አስተማሪ የነበረው ባለቤቴ ነው።

«አንቺ ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ?» አለና ቡቺን ተኩሶ ገደለው።

ያን ጊዜ ጩኸቴ አመለጠኝ። ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ መርዶውን ከአጥር ወዲያ ሰምተው ኖሮ እየሮጡ መጡና አብረውኝ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ጀመር። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏቸው።

«ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» አለ ሰውየው።

እትዬ አልማዝ ቀና ብለው፣ «አዎ፣ ለውሻ ነው። ለውሻም ተከለከለ እንዴ?» አሉት። ትቶን ሄደ።

እስኪመሽ ድረስ አለቀስን፤ የባለቤቴን ስም ግን አንዳችንም ደፍረን አልጠራንም። የት እንደተቀበረ ዛሬም አላውቅም። ያን የመሰለ ሰው በውሻ ለቅሶ ተሸኘ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው፤ በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩልኝ።