ባንድ ፋብሪካ የቆመ ሰፈር

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ ባልተገናኙ ነበር። የክር ፋብሪካው የቀድሞ መካኒክ ከተዘጋው ዳቦ ቤት በረንዳ ሥር እንደተጠለሉ፣ አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን እያራገፈች አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም እንዴ? የፈታይዋ ልጅ ነኝ እኮ! ለእናቴ ምሳ ሳመላልስ ያዩኝ ነበር።»

«አንቺ ነሽ? ወይ ጊዜ! እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጇ ወርቅ ነበር።»

ወጣቷ የከተማ ፕላን ተምራ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራለች። መካኒኩ ደግሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚያ ፋብሪካ ነው። ከተማይቱ ሰፊ ናት፤ ይህ ዳርቻዋ ግን የሚተዳደረው በፋብሪካው ብቻ ነበር። እሱ ሲዘጋ ጎልማሳው ሥራ ፍለጋ ፈለሰ፤ ዳቦ ቤቱ ተከተለ፤ አውቶቡሱም መስመሩን ለወጠ። የመካኒኩ ባለቤት አረፉ፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበተኑ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው ፋብሪካው በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ለምን እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም፤ የሚጠይቅም አልቀረም።

«የፋብሪካውን ምግብ አዳራሽ ልንከፍተው ነው» አለች ወጣቷ። «ልብስ የሚሰፋው፣ ብረት የሚበይደው፣ ፓምፕ የሚጠግነው ባንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠራ። ለጀማሪዎቹ የሚያስተምር መካኒክ አጥተናል፣ ጋሼ።»

መካኒኩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። «ልጄ፣ ከተማ እንደ ሰው ነው፤ ልቡ ከቆመ አለቀ። የኛ ልብ ያ ፋብሪካ ነበር። ይነሳ እንደሆነ እንጠብቃለን፤ አለዚያም እንቀበራለን። የምን ብየዳ፣ የምን ስፌት!»

«ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝና፣ ስህተታችን እዚያ ላይ ይመስለኛል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? እኛ ባንድ ዓይናችን ስንጫወት ኖርን። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ይዩዋቸው፤ እነሱም የቆዳ ፋብሪካቸው ተዘግቶባቸዋል። ግን አናጺው፣ ጫማ ሰፊው፣ ማተሚያ ቤቱ ነበሩና አንዱ ሲጎድል ሌላው ሞላ።»

«እነሱ ገበያ አላቸው።»

«እኛስ ሰው የለንም?»

«ሰው?» አሉ ባዶውን መንገድ በአገጫቸው እያሳዩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩ ሲኖር ነው። እዚህ የቀረነው ሽማግሌና የተቆለፈ በር ነን።»

ብቻውን የከረመ ሰው በክርክር አይረታም፤ መልሱን ሁሉ ለራሱ ሲናገር ባጅቷልና። ወጣቷም ይህ ገብቷት ወሬ ለወጠች።

«ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋስ እንዴት ናቸው?»

«አለች። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው።»

«መቼ ነበር ያዩዋቸው?»

መካኒኩ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ «ትናንት ግድግዳው ይንኳኳ ነበር» አሉ። «እኔ እኮ ቧንቧው መስሎኝ…»

ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቁ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሮጡ። ቢጠሩ መልስ የለም፤ መካኒኩ ከቤታቸው ባመጡት መፍቻ የበሩን ቁልፍ ፈልቅቀው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋቸው ሥር ወድቀው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ተገኙ።

«እግሬ ከዳኝ» አሉ በሰለለ ድምፅ። «እርስዎ ቤት እንዳሉማ አውቄያለሁ። ሬዲዮዎ ይሰማኝ ነበር።»

ቁጣም ወቀሳም የሌለባት ይህች ቃል መካኒኩን ከስድብ በላይ ከበደቻቸው።

ሐኪም ቤት አድርሰዋቸው አግዳሚው ላይ ሲጠብቁ መካኒኩ እንዲህ አሉ፦

«ሥራ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው ከቀረ ፈረቃው ሁሉ ‹ምን ሆኖ ነው?› ይል ነበር። ለካ የተዘጋብን ፋብሪካው ብቻ አይደለም።»

«እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው፣ ጋሼ። ሰፈርን የሚያነሳው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ መጠያየቅም ነው። ሥራው በብዙ እጅ ሲሆን አንዱ ቢሰበር ሌላው ይይዛል። የሚተዋወቅ ሰው ደግሞ ሃምሳውን ሎሚ ይከፋፈለዋል፤ ሸክሙም ጌጥ ይሆናል።»

«የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አሉ መካኒኩ።

አዳራሹ ሲከፈት ጣሪያው ያፈስ ነበር። መካኒኩ ማስተማር አያውቁበትም፤ ይቆጣሉ፤ ተማሪ ያኮርፋል። ቢሆንም እየዋለ እያደረ ተላመዱ። ልብስ ሰፊዋም ድነው አንዱን ጥግ ያዙ። በዓመቱ ሌላ መከራ መጣ፤ መሃል ከተማ ያለውና ከሰፈሩም ሰው የቀጠረው ትልቁ የግንባታ ድርጅት ሠራተኞቹን በተነ። አዳራሹ ሁሉንም አላዳነም፤ ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱ አሉ። የቀሩት ግን ባንድ ድስት አብስለው በሉ፤ በተራ የታመመ ጠየቁ፤ ፓምፕ እየጠገኑ፣ የበርና የመስኮት ብረት እየበየዱ ክፉውን ቀን ገፉት። ሰፈሩ እንደ ፊተኛው አልወደቀም።

ያን ሰሞን አንድ ጠዋት የመካኒኩ ትልቁ ልጅ ከሩቅ ደወለ። «አባዬ፣ ምን አለኝ ብለው ነው እዚያ የሚቀመጡት? እኛ ጋ ይምጡ። ክፍልዎን አሰናድተናል።»

መካኒኩ ልሂድ ብለው አሰቡ። ራታቸውን የሚበሉት ዛሬም ለብቻቸው ነው፤ ማታ ማታ የሚያወሩት ሰው የለም። ሥራና ጎረቤት ሚስትን አይመልስም፤ የልጅንም ናፍቆት አያስታግስም።

«ተባረክ፣ ልጄ» አሉ። «ብቸኝነቱ እውነት ነው፤ አልዋሽህም። ግን እዚህ ካንዱ የጎደለው በሌላው ይሞላል። እኔም የሌላውን ጎዶሎ የምሞላባት ትንሽ ነገር አለችኝ። እናንተ ጋ ብመጣ እንግዳ ነኝ። እዚህ ግን ባረፍድ እንኳ የሚቆጣኝ አለ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መካኒኩ እጃቸውን ከላዩ ሳያነሱ ጸጥ ባለው ክፍል ውስጥ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ወደ አዳራሹ ወጡ፤ ረፍዶባቸው ነበር።