የመጽሐፈ ጦቢት መምህር

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና ስሄድ፣ አንዲት አሮጊት አጠገባቸው የተቀመጡትን የቤተ ክርስቲያን መምህር በዝግታ ሲጠይቁ ሰማሁ።

«መሪጌታ፣ ጣሊያን የሰቀለው ልጄ ሦስት ቀን ሳይቀበር ሲቆይ የት ነበሩ?»

«ጉባኤ ላይ። መጽሐፈ ጦቢትን እያስተማርኩ።»

«ምን ይላል?»

«ንጉሡ እየከለከለ ጦቢት ሙታንን ይቀብር ነበር ይላል።»

«ልጄን የቀበረችው ፊደል የማታውቀው ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቡዳ እያላችሁ ከደጀ ሰላም የምታባርሯት።»

«ፈራሁ፣ እናቴ።»

«እሷም ፈርታ ነበር። ስለቀበረችው ትናንት እሷንም ገበያው ዳር ሰቀሏት። ልቀብራት ነው የምሄደው።»

መሪጌታ ወደ አሮጊቷ ዞሩ።

«ዶማ ይዘዋል?»

«አልያዝኩም። በጥፍሬ እቆፍራለሁ።»

«ከደብሩ አመጣለሁ። ፍትሐቱንም እኔ አደርሳለሁ።»

ገበያው ዳር ሁለቱ ሲወርዱ እኔ ጫማዬን እመለከት ነበር።