ሳል የሚቀሰቅሰው ሳጥን

ሰብዉፈሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ፊት ተኛ። የሆነው ይኸው ነው። ሌላው ወሬ ነው።

ግቢ እህት ዓለም። እዚህ ተቀመጪ፣ ይሄኛው ወንበር ይሻልሻል። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አራት ፎቅ በእግር መውጣት ለእኔም አልሆነልኝ፣ እንኳን ለአንቺ። እንኪ፣ ውኃ ጠጪ።

የበረንዳው በር ክፍት ነው እንዴ? አዎ፣ ክፍት ነው። ተዪው፣ አየር ይግባ። እዚያ ያለውን ሰው እንዳንረብሽ ቀስ ብዬ ነው የማወራው። ስልክ ላይ ነው። አንዱ ጆሮው ተይዟል... ሌላኛው እንኳ ነጻ ነው።

ስም አልጠራም። ታውቂኛለሽ፣ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። ልጄን ያገባ አንድ ሰው አለ እንበል። ልጄ ያላት ባል አንድ ብቻ ነው... ያ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ክፉም ላወራ አይደለም። እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው ላይ ምን ክፉ ይወራል? እንዲያውም ላመሰግነው ነው። አንቺ ዘንድ ደውሎ፣ "አባባን ቀን ሙሉ ያስላቸዋል፣ ደረታቸው አሳስቦኛል፣ እርስዎ ሰፈር አየሩ ጥሩ ነው፣ ይውሰዷቸው" ማለቱን ሰምቻለሁ። ዛሬ እንድትመጪ የቀጠረሽም ለዚሁ ነው አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ የሚስቱን አባት ያስለው አያስለው የማያውቅ አማች ስንት አለ? ይሄኛው ያውቃል። መቼ መቼ እንደሚያስለኝ በደቂቃ ያውቃል... ይሳሉ የሚለኝ ራሱ ስለሆነ።

ምነው፣ ይሄን አልነገረሽም? ውኃውን ጠጪ፣ እነግርሻለሁ።

ያንን ጥቁር ሳጥን አየሽው? ከቴሌቪዥኑ ጎን መሬት ላይ ያለውን። ሰብዉፈር ማለት እሱ ነው። ሥራው ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ነው። ነጎድጓድ፣ ከበሮ፣ የሚፈርስ ሕንፃ። ከጀርባው ትንሽ ማብሪያ አለች። ሦስት ቦታ ትቆማለች፤ አንዱ መክፈቻ፣ አንዱ መዝጊያ፣ መሃሉ አውቶማቲክ። አውቶማቲክ ላይ ካረፈች፣ ሳጥኑ በሽቦው በኩል ድምፅ ካልመጣለት ሃያ ደቂቃ ጠብቆ ይተኛል። ፊቱ ላይ ያለችው መብራት ቀይ ትሆናለች። ድምፅ ሲመጣለት ይነቃል፣ መብራቷም አረንጓዴ ትሆናለች። በሽቦው በኩል ነው ያልኩሽ። ሳጥኑ ጆሮ የለውም። ይሄን ያዢልኝ።

ታዲያ የሚመጣለት ድምፅ ጠንከር ማለት አለበት። ደካማ ከሆነ የመጣም አይመስለው። እዚህ ቤት ደግሞ ከምሳ በኋላ ሕፃኗ ስለምትተኛ ፊልም የሚታየው በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አይነቃም። መላው ያቺን ማብሪያ ወደ መክፈቻው መግፋት ነው። በጣት። በአንድ ጣት። እሱ ግን እንዲህ ወዳለ ቀላል ነገር የሚወርድ ሰው አይደለም።

ሦስት ሳምንት ሠራበት። ትዕግሥቱን ብታዪ። መጀመሪያ ሽቦውን ቀየረ። ቀጥሎ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው አለና ከወጥ ቤት በኮሪደሩ ገመድ ዘረጋ፤ ልጄ ትኩስ ድስት ይዛ ሁለት ቀን ስትዘለው ሰነበተች። ቀጥሎ አየር ያስፈልገዋል ብሎ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አዞረው። ቀጥሎ መዝገበ ቃላት ላይ አስቀመጠው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የማያነብ ሰው እንዳይመስልሽ ደግሞ። የመመሪያውን መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ ነው ያነበበው። የዘለለው ሥዕሉን ብቻ ነው። የማብሪያዋ ነገር ያለው ሥዕሉ ላይ ነው... ሥዕል ማየት የሕፃን ነገር መስሎት ይሆናል።

አንድ ቀን እኔ እዚያ ጥግ ተቀምጬ ሳል ያዘኝ። በዚያው ቅጽበት ፊልሙ ውስጥ ድልድይ ፈረሰ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

አንቺ ብትሆኚ ድልድዩ ነው ትያለሽ። እኔም እላለሁ። ግን እኔና አንቺ ምን ተምረን? እሱ ከሶፋው ብድግ አለ። "አባባ፣ እስቲ ይድገሙት" አለኝ። ደገምኩት። ድልድዩ ገና ፈርሶ አላለቀም ነበርና መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች። "አያችሁ? ክፍሉን ያዳምጣል ማለት ነው። ወፍራም ድምፅ ነው የሚፈልገው" አለ።

በማግስቱ ሳጥኑ ተኝቶ ሲያገኘው ሙከራ ጀመረ። ልጄን አጨብጭቢ አላት። አጨበጨበች፣ ምንም። ሕፃኗን ጩኺ አላት። እሷ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ከየት አግኝታ፤ የታችኛው ፎቅ ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ እስኪመታ ጮኸች። ምንም። የራሱን ጉሮሮ ጠረገ። ምንም። ድምፁ ቀጠን ይላል፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ያድርግ። ከዚያ እኔን ይሳሉ አለኝ። ሳልኩ። ሳልኩ። ዐሥረኛ ጊዜ ስስል ፊልሙ ውስጥ መኪና ፈነዳ፤ ነቃ። እሱ የሚወደው ፊልም ውስጥ ቆይቶም ቢሆን አንድ ነገር መፈንዳቱ አይቀርም። "የአባባ ይሠራል። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሬን ከሳጥኑ ጎን አደረገልኝ። ትራስም ጨመረልኝ። ሐኪም ያዘዘልኝን የሳል ሽሮፕ ሕፃኗ እንዳትደርስበት ብሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ አወጣው። እኔም አልደርስበትም... አርቆ አሳቢ ነው።

ለምን አልነገርከውም ትይኝ ይሆናል። አንድ ቀን ነገርኩት። "ልጄ፣ ጀርባውን ልየው?" አልኩት። ሳቀ። በጨዋ ደንብ ነው የሳቀው፣ አላስቀየመኝም። "አባባ፣ ይሄ እኮ የድሮ ሬዲዮ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። አይደለም።

ዝም አልኩ። ዝም ማለትን የት እንደተማርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አባታችን የሞቱ ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተቀጥሬ በሠራሁበት ሲኒማ ቤት ውስጥ ከስክሪኑ ጀርባ ጆንያ አንጥፌ አራት ዓመት ኖርኩ። የበር ቁመት ያለው ስፒከር በጀርባዬ አውጥቻለሁ፣ አውርጃለሁ። ይሄ ጣቴ እንዲህ የሆነው ሽቦ ስበይድ ነው። ስፒከር ምን እንዳመመው ከድምፁ አውቃለሁ። አንቺ ትምህርት ቤት የሄድሽበት ጫማ... ተዪው። ብዙ አላወራም። ብቻ እዚያ ማንም ሳል ብሎኝ አያውቅም። ፊልም እየታየ ከስክሪን ጀርባ ማሳል ክልክል ነበር። ሳሌን አራት ዓመት ዋጥኩት። ይኸው በእርጅናዬ ፈላጊ አገኘ።

ቀጥሎ የቢሮው አለቃ ከነባለቤቱ ቅዳሜ ሊመጣ ነው ተባለ። የቅዳሜው ነገር ካማረ ክፍሌ የፊልም ክፍል ይሆናል፣ መንገድ ዳር ስላልሆነ ጸጥ ይላል፤ እኔ ደግሞ ወደ አንቺ። ሁሉም ታስቦበታል። ሻንጣዬን ዓርብ ዕለት ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ሸሚዞቼን አጣጥፎ ከተተልኝ። በገዛ እጁ። የሳጥን ጀርባ ለማየት ጎንበስ ያላለ ሰው ለእኔ ሻንጣ ሲል አልጋ ሥር ገባ። ይሄን የሚያደርግልኝ ማን አለ?

ቅዳሜ መጡ። አለቃው ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ደርባባ ናት። ሻይ ቀረበ። ፊልሙ ተከፈተ፤ ሕፃኗ ተኝታለች፣ ስለዚህ በሹክሹክታ። መብራቷ ቀይ ናት። በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሳልኩ። ቀይ። እንደገና ጠቀሰኝ። እንደገና ሳልኩ። ለልጄ ቤት ክብር ብዬ ከእግር ጥፍሬ ጀምሬ ነው የሳልኩት። ሴትዮዋ ቀስ እያለች እስከ ሶፋው ጫፍ ሸሸች። አለቃው ሻዩን በመዳፉ ከደነው። እሱ ግን መጥቀሱን አላቋረጠም። ለካ ለእንግዳ ይሻላል ብሎ የፍቅር ፊልም ነው የመረጠው። ምንም የሚፈነዳ የለ።

በመጨረሻ አለቃው፣ "እኚህን ሰው ሐኪም ዘንድ ብትወስዷቸው ምናለ?" አለ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አይ፣ ደህና ናቸው። ለሳጥኑ ነው የሚስሉት" አለ። እውነተኛ ሰው ነው፣ አይዋሽም።

አለቃው "ለሳጥኑ?" አለ።

ያስረዳው ጀመር። ክፍሉን እንደሚያዳምጥ፣ ጭብጨባ እንደማይስማማው፣ የሽማግሌ ሳል ግን እንደሚስማማው። ቢሮ እንደሚያስረዳው በጣቱ እየቆጠረ ነው ያስረዳው። አለቃው እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ። እሷ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና እጇን ከሳጥኑ ጀርባ ሰደደች። ቀጭ። አረንጓዴ። "የእኛም እንዲህ ያደርግ ነበር" ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሠራው ሥራ በአንድ ቀጭ አለቀ። እኔ አዘንኩለት።

ሳጥኑ አልነቃ ሲለው የድምፁን ቁልፍ ደግሞ እስከ ጥግ አዙሮት ኖሯል። ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ተንበርክኮ "ታገቢኛለሽ?" ሲል ድምፁ ከመሬት ሥር ወጣ። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ሕፃኗ እየጮኸች ተነሳች፣ የታችኛው ፎቅ ሰውም መጥረጊያውን አነሳ። የፊልሙ ሴት አገባችው ይሁን አላገባችው አላወቅንም። እንግዶቹ ቸኮሉ። አለቃው ሲወጣ የእኔን እጅ ጨበጠ... የሌላውን የረሳው ይመስለኛል።

ልጄ ሸኝታቸው ተመለሰች። ስኒውን አጠበች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ሽሮፑን አወረደችና በማንኪያ ሰጠችኝ። "ይህን ሁሉ ቀን ማን አስሎህ ነው?" አለችኝ። "ማንም" አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ፈታ ሸሚዞቼን መልሳ ሰቀለች። "አባቴ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ሳጥኑ ወደ ሱቁ ይመለሳል" አለችው። አልጮኸችም። ነፍሷን ይማርና እናቷ የቆረጠች ቀን እንዴት እንደምትናገር ታስታውሺያለሽ። እንደዚያ ነው ያለችው። እሱም ተስማማ። የሚስቱን ቃል የሚሰማ ባል ማግኘት መታደል ነው። ጠንከር ብለው ሲናገሩት ወዲያው ነው የሚነቃው።

ሕፃኗን ይዛ ወጣች። እሱ ለሳጥኑ ጉዳይ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ ቀርቷል። ፈቃዱን ማንን እንደጠየቀ ገምቺ... አዎ፣ እሱኑ።

አሁን የሚያወራው ከሱቁ ጋር ነው። ምን ሆነብህ ቢሉት ምን ይላቸው ይሆን? ይሠራል እኮ። ከሁላችንም በላይ ይሠራል። መመለስም አልነበረበትም፤ ከአምፕሊፋየሩ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ የሚወጣውን ከፍ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ዝቅ ቢያደርጉት አውቶማቲኩም ሳይነካ በሹክሹክታ ይነቃ ነበር። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን የጠየቀኝ የለም። ሳልጠየቅ ደግሞ አልናገርም።

አንቺን በከንቱ ደረጃ አስወጣሁሽ። አብረን ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ እሸኝሻለሁ። ለወንድምሽ ደረት አትስጊ። ሽሮፑ እጄ ላይ ነው።

እሱን ግን እንዳትቀየሚው። እኔ አልተቀየምኩትም። ጠዋት ስጸልይ ምን እንዳልኩለት ልንገርሽ? ዕድሜ ይስጠው አልኩ። እኔን የሚያህል ዕድሜ። ይቺ ሕፃን አድጋ፣ ተድራ፣ ቤት ይዛ ይያት። ሲደክም ትሰብስበው፣ ከቤቷ ጥሩውን ክፍል ትስጠው። ለእሷም አዋቂ፣ ትዕግሥተኛ፣ አርቆ አሳቢ ባል ይስጥልኝ... ቁርጥ አባቷን። አሜን በይ እንጂ።

የውጭው በር ነው፣ አትደንግጪ። ስልኩን ጨርሶ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። እኔ እዚሁ ነኝ።