የጦጣዋ ዋስ

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ በምትሄድ ሴቼንቶ ታክሲ ውስጥ፣ ቆብ ካደረጉ አንድ ሽማግሌና ከባላገር ከመጣ ጎልማሳ ጋር ተጣብበን ተቀምጠናል። ጎልማሳው ስለ ቀድሞው የአውራጃቸው ገዥ ያወራል።

«ገና እንደተሾሙ ዛፍ መቁረጥና አውሬ መግደል ከለከሉን፣ አባባ።»

«ጦጣ ማሽላችሁን ሲበላውስ?»

«‹ክሰሱ› አሉን። አባቴ እውነት መስሏቸው አንዷን ጦጣ በገመድ አስረው ችሎት አቀረቧት።»

«አጃኢብ! ዳኛው ማን ነበር?»

«ራሳቸው ገዥው።»

«እና ፈረዱባት?»

«የለም፣ ቀጠሮ ሰጧት። ‹እስከዚያ ዋስ ትጥራ› አሉ። ዋስ የሚሆናት ሲጠፋ ገዥው ራሳቸው ዋስ ሆኑና ተፈታች።»

«በቀጠሮዋ ቀረበች?»

«ምን ትቀርባለች! ጫካ ገብታ ቀረች።»

«ታዲያ ዋሱስ?»

«‹የዋሱት ሲጠፋ ዋስ ይታሰራል› ብለው በገዛ እግራቸው እስር ቤት ገቡ። ዘበኛው እያለቀሰ ቆለፈባቸው።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አባትህስ?»

«አፈሩ እንጂ። ከተረፈው ማሽላ ቂጣ እያስጋገሩ ስንቅ ያመላልሱላቸው ነበር። ኋላ ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና፣ ‹አብደዋል› ተብለው ተሻሩ።»

«ጫካው በዚያው ተመነጠራ?»

«ማን ደፍሮ! አንዱ መጥረቢያ ሲያነሳ፣ ‹ተው፣ ሰውየው መጥተው ይታሰሩልሃል› ይሉታል።»

ከመርካቶ የገዛሁትን አዲስ መጥረቢያ ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።