ከበሩ ሥር የገባው ሌባ

«ጋሼ፣ ሙቀቱን አልቻልኩትም» አለች መምህርቷ፣ ደረጃው ላይ ሲገናኙ።

ሽማግሌው አከራይዋ ደነገጡ። «ትኩሳት በጊዜ ካልታከሙት መጥፎ ነው፣ ልጄ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«እኔስ ደኅና ነኝ። ክፍሌ ነው የጋለው።»

የሽማግሌው ርኅራኄ ወዲያው ተነነ። ፎቁንም ታቹንም የሚያሞቀው ማሞቂያ ወጪ ከኪራዩ ጋር ስለሆነ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ሰሞኑን ያ የፎቅ ክፍሏ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ባዩ ቁጥር፣ የሚወጣው አየር ሳይሆን የጡረታ ገንዘባቸው እየመሰላቸው አንጀታቸው ሲያርር ከርሟል። በወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ ሊሏትም ቆርጠዋል። የከበዳቸው እንደሷ ያለ ጨዋ ተከራይ ከየት እንደሚያገኙ ነው።

«እኔ ታች ካፖርት ለብሼ እተኛለሁ፤ አንቺ መስኮት ከፍተሽ መንገዱን ታሞቂያለሽ» አሉ።

መምህርቷ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው የሙቀት መቆጣጠሪያ የት እንዳለ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ኮራ ብለው ወደ ቤታቸው አስገቧት። ማንም እንዳይነካው በተበሳሳ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ዝቅ አድርገው ሰቅለውታል። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

እሷ ጎንበስ ብላ እጇን ከበሩ ሥር ዘረጋች። ነፋሱ የቀሚሷን ጫፍ አነሳው።

«ጋሼ፣ ይህ ዕቃ የሚያውቀው የተሰቀለበትን ቦታ ብቻ ነው። እዚህ ሲነፍስበት ቤቱ ሁሉ የበረደው ይመስለውና ማሞቂያው እንዳያርፍ ያዛል። እኔ ፎቅ ላይ እቀቀላለሁ፣ እርስዎ ታች ይንቀጠቀጣሉ።»

«አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ቀዳዳ አምልጦኝ አያውቅም» አሉ ቆጣ ብለው።

«ስፌቱ የተተረተረ ካፖርት ቢያመጡልዎት፣ ሌላ ካፖርት ደርብበት ይሉ ነበር?»

«ምን በወጣኝ፣ እሰፋዋለሁ እንጂ» አሉ። ሣጥኑን አዩ፤ በሩን አዩ። «ለካስ ሌባውን አስገብቼ ነው ቁልፉን አንገቴ ላይ ያሰርኩት።»

የዚያኑ ዕለት የአሮጌ ሱሪ አንድ እግር ቆርጠው፣ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ሁለቱን ጫፍ ሰፍተው ከበሩ ሥር አጋደሙት። መቆጣጠሪያውንም ነፋስ ወደማይደርስበት ግድግዳ አዛወሩት። ሊጠይቃቸው የገባ ጎረቤታቸው ሱሪውን አይቶ ሰው የወደቀ መስሎት እየጮኸ ሲወጣ፣ ተከትለው ወጥተው የመምህርቷን ትምህርት ከነካፖርቱ ምሳሌ አስረዱት።

በሚቀጥለው ወር የማሞቂያው ክፍያ በሲሶ ቀነሰ። የፎቁ መስኮት ተዘጋ፣ ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው ተኙ፣ መምህርቷም እዚያው ቤት ኖረች።